ትልቁ ነጭ ሌንስና የቀኝ ክርን፦ የአንድ የሐዋሳ ፎቶ አንሺ ጉዳይ

ይህን የምጽፈው በባለጉዳዩ ፈቃድ ነው። ስሙንና ፎቶ ቤቱ ያለበትን ሰፈር ትቼዋለሁ። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ የምሠራውም እዚሁ ሐዋሳ ነው። በክርን ሕመም ወደ እኔ የሚመጡት ልብስ ሰፊዎች፣ አናጺዎች፣ ፀጉር ሠሪዎችና ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። ሕመሙ "ቴኒስ ኤልቦ" ይባላል እንጂ ራኬት ጨብጦ የሚያውቅ ታካሚ አላጋጠመኝም።

ጉዳዩን የመረጥኩት ብርቅ ስለሆነ አይደለም። ሰውየው እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት የዞረባቸው በሮች ብዙዎቻችን የምናንኳኳቸው ናቸው። ደግሞም ክንዱን ይጎዳው የነበረው ነገር እሱም እኔም ከጠረጠርነው ቦታ አልነበረም።

ሰውየውና ሥራው

በአርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ ቀኝ እጁን የሚጠቀም ሰው ነው። ቅዳሜና እሑድ ሠርግ፣ በማግስቱ መልስ፣ ከዚያ እስከ ዓርብ ኤዲት። በመሃል የፓስፖርት ጉርድ ፎቶ፣ ልደት፣ ሰኔና ሐምሌ ላይ ደግሞ ምርቃት። ሌላ ከተማ ቢሆን ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ስለሚቆም የፎቶ አንሺ ክንድም ያርፋል። ሐዋሳ ግን ፕሮቴስታንቱ ብዙ ነው፤ በጾሙ ወቅትም ሠርግ አለ። ለኪስ ጥሩ፣ ለክርን መጥፎ።

የሚሠራበት ካሜራ ካኖን 5ዲ ማርክ 3 ነው። ከነባትሪው 950 ግራም ይመዝናል። የሚወደው ሌንስ ነጩ 70-200 ኤፍ 2.8፣ ሩቁን የሚያቀርበው፣ ሁለተኛው ስሪት፣ ብቻውን 1490 ግራም ነው። ላዩ ላይ የሚሰካው ፍላሽ ያለ ባትሪ 425 ግራም። አራት ባትሪ ሲገባበት ጠቅላላው ወደ 3 ኪሎ ይጠጋል። 3 ኪሎ ስኳር ከሱቅ ቤት ድረስ መሸከም ማንንም አያስቸግርም። ከጠዋቱ ከሙሽራው ቤት ጀምሮ አዳራሹ እስኪዘጋ በአንድ እጅ መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ሕመሙ የጀመረው በጥር የሠርግ ወቅት ነው። ከክርኑ በውጭ በኩል፣ አጥንቷ ጎላ ብላ የምትዳሰስበት ቦታ ላይ። መጀመሪያ ከሥራ በኋላ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ጠዋት የቡና ሲኒ ሲያነሳ መውጋት ጀመረ። የበር እጀታ ማዞር፣ የልጁን ቦርሳ ማንሳት፣ ጄሪካን መያዝ ፈተና ሆነ። ከሁሉ የከበደው ሰላምታ ነበር። ሠርግ ቤት የማይጨብጥህ ሰው የለም፤ ደስ ያለው ሁሉ ደግሞ ጠበቅ አድርጎ ነው የሚጨብጠው። ሰውየው ምግብ እየበላ ይመስል "እጄ ንጹሕ አይደለም" እያለ ክንዱን መስጠት ጀመረ። ሽማግሌዎቹም ሳይጠረጥሩ ክንዱን ይዘው ሰላም ይሉት ነበር።

ከእኔ በፊት

ፋርማሲ ሄዶ የዲክሎፌናክ ቅባት ገዛ። ቅባቱ ትንሽ አቀለለለት። ከዚያ ክኒኑን ጨመረበት፤ ሳያቋርጥ ሲውጠው ጨጓራው ተነሳ። ቅባቱ ብዙም ወደ ደም ስለማይገባ ጨጓራን ያን ያህል አያስቸግርም። ክኒኑን በባዶ ሆድ ለሳምንታት መዋጥ ግን ቀልድ አይደለም፤ ጨጓራን እስከ ማድማት ይደርሳል።

ቀጥሎ ወጌሻ። "ውልቃት ነው" ተባለና በደንብ ታሸ። ለቀናት ክንዱን ማንሳት አቃተው። ወጌሻ የሚረግም ሰው አይደለሁም፤ እናቴም ታሽታ የዳነችበት ጊዜ አለ። ግን እዚህ የወለቀ ነገር አልነበረም። የተቆጣን ጅማት አጥንቱ ላይ አጥብቆ ማሸት ደግሞ ይብሱን ያስቆጣዋል።

ከዚያ ራጅ ተነሳ። ራጁ ንጹሕ ነው ተባለ። ንጹሕ መሆኑ አይገርምም፤ ራጅ የሚያሳየው አጥንት እንጂ ጅማት አይደለም። አንድ ቦታ "ነርቭ ነው" ብለው የቫይታሚን ቢ መርፌ አዘዙለት። ያ ምንም አልለወጠም።

መጋቢት ላይ አንድ ክሊኒክ ክርኑ ላይ የኮርቲዞን መርፌ ተወጋ። በቀናት ውስጥ ሕመሙ ጠፋ። ሚያዝያን ሙሉ እንደ ድሮው ሠራ። ፋሲካ አልፎ ሠርጉ ሲደራረብ ቀብድ የተቀበለበትን ሁሉ አንድም ሳይሰርዝ ጨረሰ። ግንቦት አጋማሽ ላይ ሕመሙ ተመለሰ፣ ከበፊቱም ብሶ። ሰኔ ላይ እኔ ጋ ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄው "ዶክተር፣ ያንን መርፌ ድጋሚ ያጽፉልኛል?" የሚል ነበር። ዶክተር አለመሆኔን ብነግረውም እስከ ዛሬ "ዶክተር" ማለቱን አልተወም።

ስለ መርፌው ትንሽ ልበል፤ ይህን ጥያቄ የሚያመጣው እሱ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ2013 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ይህ ሕመም ያለባቸውን 165 ሰዎች ለአንድ ዓመት ተከታትሏል። ኮርቲዞን ከተወጉት ውስጥ 54 በመቶው ከተሻላቸው በኋላ አገረሸባቸው። መድኃኒት የሌለው መርፌ ከተወጉት ያገረሸባቸው 12 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። መርፌው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ያሳምራል፣ ዓመቱን ያበላሻል ማለት ነው። የእኛም ሰው የሆነው ይኸው ነው። መርፌውን የወጋውን ባለሙያ አልፈርድበትም። ቀብድ የበላ ሰው ፊትህ ቆሞ "ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ" ሲልህ የሚፈልገው ቅዳሜን ነው።

ምርመራው

መጀመሪያ ያየሁት አንገቱን ነው። ከአንገት የሚነሳ የነርቭ ችግር ክርን ላይ ሊያሳምም ይችላል። አንገቱን ሲያዞርና ሲያዘነብል ክንዱ ላይ የሚመጣ ነገር የለም። መደንዘዝም የለም። የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ቢደነዝዙ ኖሮ በክርን ውስጠኛ በኩል የሚያልፈውን ነርቭ እጠረጥር ነበር። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም፣ እብጠት፣ ትኩሳት፣ መውደቅ፣ አንዱም አልነበረም። ከእነዚህ አንዱ ያለው ሰው ይህን ጽሑፍ ትቶ ሐኪም ጋ ይሂድ።

ከዚያ ክርኑን። የጎላችውን አጥንት ጫፍ ስነካ ዘለለ። መዳፉን ወደ ታች አድርጎ፣ የእጁን አንጓ ወደ ላይ ሲያነሳና እኔ ወደ ታች ስገፋው፣ ያው ቦታ አመመው። የመሃል ጣቱን ብቻ ስገፋውም እንደዚያው። ወንበር ከኋላ ይዞ፣ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ እንዲያነሳ ጠየቅሁት፤ ግማሽ መንገድ ላይ ለቀቀው። መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ከሥር ሲያነሳው ግን ያለ ችግር ተነሳ። ይቺ ልዩነት በኋላ ብዙ ጠቅማናለች።

የጭብጥ ኃይል መለኪያ መሣሪያ አልነበረኝም። የደም ግፊት መለኪያውን ጨርቅ ጠቅልዬ እስከ 20 ነፋሁትና ሕመም እስኪጀምረው እንዲጨምቀው ነገርኩት። ግራ እጁ ከ200 አለፈ። ቀኙ 80 ሳይደርስ አመመው። ርካሽ መንገድ ነው፣ ግን ለውጥ ለመከታተል ይበቃል።

የሚሆነው ነገር ይህ ነው። አንድን ነገር አጥብቀን ስንጨብጥ አንጓችን ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ ከክንድ ጀርባ ያሉት ጡንቻዎች ወደ ኋላ ይገትሩታል። የእነዚህ ጡንቻዎች የጋራ ጅማት የሚያያዘው ክርን ላይ፣ በዚያች ጎላ ባለች አጥንት ላይ ነው። በተለይ አንዷ ጡንቻ ጫናውን አብዝታ ትወስዳለች። ጅማቱ ከሚያገግመው በላይ ሲሠራ ውስጡ ያሉት ክሮች ይዛባሉ። እንደ ቁስል የሚግል ነገር አይደለም። ማስታገሻ ለጊዜው አደንዝዞ የሚተወውም ለዚህ ነው። ዕረፍትም ብቻውን አያድነውም፤ ያረፈ ጅማት ሕመሙ ይጠፋለታል እንጂ አይጠነክርም። የመጀመሪያው ሠርግ ላይ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀምራል።

ካሜራው ዓይኑ ላይ ሲሆን

ሰውየው ጥፋቱን የሰጠው ለክብደቱ ነበር። ስለዚህ እኔ ጋ ከመምጣቱ በፊት ባትሪ ግሪፑን (ከካሜራው ሥር የሚገጠመውን ተጨማሪ መያዣ) ፈትቶ አስቀምጦታል። ጥቂት መቶ ግራም ቀለለው። ሕመሙ ግን ባሰ። ለምን እንደሆነ ሊገባው አልቻለም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ወዲያው አልገባኝም።

ረዳቱን አንድ ነገር ጠየቅሁት። በሚቀጥለው ሠርግ ላይ ጋሼን በስልክህ ቅረጸው፣ ፎቶ ሲያነሳም ሳያነሳም። ልጁ አጫጭር ቪዲዮዎች ይዞልኝ መጣ። ፍቅር ሐይቅ ዳር፣ ዛፎቹ ሥር፣ አዳራሹ ውስጥ።

ካሜራው ዓይኑ ላይ ሲሆን አያያዙ ጥሩ ነው። ግራ እጁ ከሌንሱ ሥር፣ መዳፉ ወደ ላይ፣ ሁለቱም ክርኖች ከጎኑ ተጠግተው። ክብደቱን የሚሸከመው ግራው ነው። ችግሩ የሚመጣው ካሜራውን ከዓይኑ ሲያወርደው ነው። ቀኝ እጁ ብቻ፣ መዳፉ ወደ ታች፣ ጣቶቹ ግጥም ብለው ጨብጠው፣ አንጓው ወደ ላይ ተሰብሮ፣ 3 ኪሎው እየተንጠለጠለ ይቆማል። በዚያ ሁኔታ ነው ሙሽራዋን "ትንሽ ወደ ግራ" የሚላት፣ ሚዜዎቹን የሚደረድር፣ አክስቶቹን ከመሃል የሚያስወጣ፣ ቬሎው እስኪስተካከል የሚጠብቅ። ፎቶው የሚነሳው በሰከንድ ስንጥር ነው። ቀሪው ጊዜ ሁሉ መጠበቅ ነው፤ ክርኑም የሚጎዳው በመጠበቁ ነው።

የግሪፑም ነገር ከቪዲዮው ታየ። ግሪፕ ላይ ሁለተኛ መምቻ ስላለ ካሜራው ቁም ሲሆን እጅ አይዞርም። ግሪፑ ሲፈታ ለእያንዳንዱ የቁም ፎቶ ቀኝ ክርኑን እስከ ጆሮው አንስቶ አንጓውን ማጠፍ ግድ ሆነበት። ሙሽሮች ደግሞ ከአናታቸው እስከ ቬሎው ጫፍ የቁም ፎቶ ይወዳሉ። ቀላሉ ካሜራ የከበደውን ሥራ አመጣ።

ሦስተኛው ጉዳይ ፎቶ ቤቱ ውስጥ ነበር። ከአንድ ሠርግ በሺዎች የሚቆጠሩ ምስሎች ይዞ ይመለሳል። እነሱን በማውዝ አንድ በአንድ ያያል፣ መንኮራኩሯን በጣቱ እያሽከረከረ፣ አንጓው ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ተሰብሮ። ወንበሩ ዝቅ ያለ፣ ጠረጴዛው ከፍ ያለ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ እያረፍኩ ነው ብሎ ያስብ ነበር፤ ክንዱ ግን አላረፈም።

ያደረግነው

ልምምዱ ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው መታከቱ ነው። ክንዱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ እጁ ከጠርዙ ወጥቶ፣ መዳፉ ወደ ታች። ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልቶ፣ አንጓውን ቀጥ አድርጎ ሳያንቀሳቅስ ከ30 እስከ 45 ሰከንድ መያዝ። ትንሽ አርፎ መድገም፣ አምስት ጊዜ ያህል፣ በየቀኑ። ይሄ ሲለመድ ወደ ሁለተኛው ደረጃ፦ በግራ እጁ ረድቶ ቀኙን ወደ ላይ ያነሳና ቀስ ብሎ፣ ሦስት እየቆጠረ፣ ያወርደዋል። 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ቀጥሎ ሃይላንዱ አንድ ሊትር ሆነ። በኋላ ውኃው ወጥቶ አሸዋ ገባበት። ፎጣ ጠቅልሎ ቀስ ብሎ መጠምዘዝም ጨመርንበት። ትከሻውንም አልተውነውም፤ ትከሻ ሲደክም ሥራው ሁሉ ወደ አንጓ ይወርዳልና።

ያስቀመጥንለት ወሰን አንድ ነው። ሕመሙን ከ10 ነጥብ ቢሰጠው፣ ሲሠራ እስከ 3 ወይም 4 ድረስ ይፈቀዳል፣ ግን በማግስቱ ጠዋት ወደ ነበረበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ ጫናው በዝቷል ማለት ነው፤ ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። "እያመመኝ ልሥራ?" ብሎ ተከራከረኝ። አዎ፣ ትንሽ እያመመው። ይህን ለማመን ጊዜ ወስዶበታል።

ከፋርማሲ የገዛውን የክርን ማሰሪያ ልክ መገጣጠሚያው ላይ አጥብቆ ነበር የሚያስረው። ሁለት ጣት ያህል ዝቅ አድርገን ጡንቻው ላይ አሰርነው። ለሥራ ቀን ብቻ፤ ማታ ይፈታል። ማሰሪያው ለሁሉም ሰው አይሠራም፣ ለእሱ ግን ረድቶታል።

ሥራው ላይ የለወጥነው ከዚህ ይበልጣል። ግሪፑ ተመለሰ። ካሜራው በትከሻ አቋርጦ በሚያልፍ ሰፊ ማንገቻ ተንጠለጠለ፤ ሕጉም ፎቶ ካልተነሳ እጅ ካሜራ ላይ አይሁን የሚል ሆነ። ሌንሱን መያዝ ካለበት ከሥሩ ካለው ማቆሚያ እግሩ፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርጎ። ያ የወንበሩ ፈተና እዚህ ጠቀመ፦ ጄሪካኑም፣ የመብራት ቦርሳውም፣ የልጁ ቦርሳም በዚያው መንገድ ወይም በግራ እጅ መነሣት ጀመሩ። ኤዲት ላይ ማውዙ ወደ ግራ ሄደ። ምርጫውን በኪቦርድ ቁልፍ አደረገው፤ ላይትሩም (ፎቶ መምረጫና ማስተካከያ ፕሮግራሙ) ላይ "ፒ" ያስቀራል፣ "ኤክስ" ይጥላል፣ ካፕስ ሎክ ከበራ ደግሞ ራሱ ወደሚቀጥለው ያልፋል። በነገራችን ላይ ኤዲቱም ፈጠነለት።

ያልተስማማነው ነጩ ሌንስ ላይ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተክሊል ሲደረስ ፎቶ አንሺ እንደ ልቡ መጠጋት ስለማይችል 70-200 ያስፈልገዋል፤ እዚያ ሞኖፖድ (ባለ አንድ እግር የካሜራ ማቆሚያ) ላይ ይቁም አልን። ሐይቅ ዳር ግን ለምን? 85 ኤፍ 1.8 ሌንስ አለው፤ 425 ግራም ነው። ሙሽሮቹ አጠገቡ ናቸው፣ ቦታ አለ፣ ጀርባውም ያምራል። እሱ ግን እንቢ አለ። ምክንያቱን ሲነግረኝ ሳቅኩ፣ ከዚያ ግን ሳቄ ቆመ። አንድ ጊዜ በትንሽ ሌንስ ሲያነሳ የሙሽራው ወንድም ጠጋ ብሎ "ትልቁን አላመጣኸውም እንዴ?" ብሎታል። ደንበኛ የሚከፍለው ለፎቶው ይመስለናል። ግማሹን የሚከፍለው ግን ካሜራው ለሚሰጠው ግርማ ነው። ሠርግ ላይ ትልቅ ነጭ ሌንስ ያለው ሰው መንገድ ይለቀቅለታል። ይህን በአሸዋ በተሞላ ሃይላንድ መፍታት አይቻልም።

መፍትሔውን ያመጣው ራሱ ነው። ነጩን ሌንስ ከሁለተኛው ካሜራ ጋር ሞኖፖድ ላይ አድርጎ ረዳቱ ይዞት ይዞራል። ሁሉም ያየዋል። እሱ በ85ቱ ያነሳል። እንዲህ ካደረገ ወዲህ "ትልቁስ?" ብሎ የጠየቀው ሰው የለም።

ክረምቱና ከዚያ ወዲህ

ሐምሌ ላይ ሕመሙ በግማሽ ቀንሶ ነበር። የምርቃት ሰሞን ሲመጣ ዳንኩ ብሎ ማሰሪያውንም ማንገቻውንም ቤት ትቶ ወጣ። ቀኑን ሙሉ በነጩ ሌንስ ሠራ፣ ማታ ደግሞ ጓደኛውን ለመርዳት ጊምባል (ካሜራው እንዳይናወጥ የሚይዘውን በእጅ የሚያዝ መሣሪያ) ይዞ ቪዲዮ ቀረጸ። በማግስቱ ስልክ ሲደውል ስልኩን የያዘው በግራ እጁ ነበር። ወደ መጀመሪያው ልምምድ መለስኩት፣ ሳያንቀሳቅሱ ወደ መያዙ። አንድ ሁለት ሳምንት ፈጅቶ ረገበ። ይህ ሕመም ቀጥ ብሎ አይሻልም። ያለ ቀዶ ጥገና ከ10 ሰው ለ8 ወይም ለ9ኙ በአንድ ወይም ሁለት ዓመት ውስጥ ይሻላል፤ መሃል ላይ ግን እንዲህ ያለ መውጣትና መውረድ አለው።

መስከረም ላይ ሲኒውን ያለ ሐሳብ ያነሳ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ያው የደም ግፊት ጨርቅ ሲጨመቅ ቀኙ 170 አካባቢ ደረሰ። ግራውን አላከለም። የጥርን ሠርጎች ያለ ማስታገሻ ሠራ። ሠርግና መልስ ሲደራረቡ በማግስቱ ጠዋት ክንዱ ይከብደዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ይለቀዋል። ሰው መጨበጥም ጀምሯል። ጊምባሉን ግን ትቶታል። ካሜራን ከፊት ዘርግቶ ሚዛን እየጠበቁ መያዝ ለዚህ ጅማት ከሁሉ የከፋው ስለሆነ የቪዲዮ ሥራ ሲመጣ ለሌላ ሰው ያስተላልፋል፣ ድርሻውን ይወስዳል።

አሁን የሚጠይቀኝ ስለ አዲስ ካሜራ ነው። መስታወት አልባው ካኖን አር 6 ከነባትሪው 680 ግራም ነው፤ የእሱ 70-200 ኤፍ 2.8 ያለ እግሩ 1070 ግራም። ከያዘው ጋር ሲተያይ ወደ 700 ግራም ይቀልላል። ዋጋው ግን ለአንድ ፎቶ ቤት ትልቅ ውሳኔ ነው። እኔ ያልኩት፣ ገንዘቡ ካለ ጥሩ ነው፣ ለክርኑ ተብሎ ግን ብድር አይገባበትም። 700 ግራሙን ቀንሶ ካሜራውን እንደ ድሮው ቀኑን ሙሉ በቀኝ እጁ ካንጠለጠለው ተመልሶ እኔ ጋ ይመጣል። እሱ ገና እያሰላ ነው፤ ሌንሱን ቢሸጥ ስንት እንደሚያወጣ ሲጠያይቅ ሰምቻለሁ።